የተደፈኑ ኪሶች

ልብስ ሰፊው ልጁን ወደ ክሊኒኩ ያመጣት መርፌ የወጋው ጣቷ አመርቅዞ ነበር። ነርሷ ቁስሉን አጥባ ከጠቀለለችው በኋላ ግን አላሰናበተቻቸውም፤ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«ብቻሽን ሆነሽ፣ ሰው በሌለበት ድምፅ ይሰማሻል?»

«ደኅና ናት!» አለ አባት ቀድሞ። «ሲስተር፣ ለጣት ብንመጣ ጭንቅላትን ምን ጥልቅ አደረገው?»

«አባቴ፣ በዚህ በአፍላ ዕድሜ ያለውን ሁሉ፣ በጉንፋንም ይምጣ በጥርስ፣ እጠይቃለሁ። የራሴን ልጅ ብጠይቀው ‹ያንቺን ድምፅ ብቻ፤ እሱም አላቋርጥ ብሎኛል› አለኝ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። አባት ያን ፈገግታ ካየ ሰንብቷል።

«ከኪስ ውስጥ ያንሾካሹካሉ» አለች ልጅቷ ዝግ ብላ። «ዝም እንዲሉ እደፍናቸዋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። የደንበኛ ኮት ኪሱ ተደፍኖ ባገኘ ቁጥር፣ ‹ልቧ ሌላ ቦታ ቢሆን ነው› እያለ፣ እርሷ ሳታይ ስፌቱን ሲተረትር ከርሟል። ገመናዋን የሸፈነ መስሎት የጭንቀቷን ምልክት በገዛ እጁ፣ ክር በክር ሲያጠፋ ኖሯል።

«እብድ ልትባል ነው?» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ያ ስም አንዴ ከያዘ ታጥቦ የማይለቅ እድፍ መሆኑን ያውቃል።

«ማንም እንዲህ አላላትም። የሕመም ጅማሬ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የአእምሮ ሐኪም ይለየው። ቀዳዳ በትንሽነቱ ቢጣፍ እንደሚሻል መቼም ለእርስዎ አልነግርም።»

«አባዬ፣ ትቆጣኛለህ?» አለች ልጅቷ።

«እኔ? የኔ እናት፣ ስተረትር የኖርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

ወራት አለፉ። ሹክሹክታው አልፎ አልፎ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን ሲመጣባት ትነግረዋለች፣ እርሱም መቀሱን አስቀምጦ ያዳምጣታል።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ራሷ የሰፋችውን ነጭ ጋዋን ለነርሷ ይዘው ሄዱ። አባት ልማድ ሆኖበት፣ ከማስረከቡ በፊት ኪሶቹን በእጁ ዳሰሰ። ክፍት ነበሩ።

«ምን ልበልዎ፣ ሲስተር? ባይጠይቋት ኖሮ እኔ እስካሁን እተረትር ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ።»

«ልጅዎ አሁንም የእርስዎን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው?» አለች ልጅቷ።

«ብሶበታል!»

ሁለቱ ሲሳሳቁ ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ተመስገን» ያለው ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር።