ሰማያዊው ሲታይ እጅህን አንሣ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ድንጋይ ቀራጩ የእኅቱን ጌጥ ከወርቅ ክፈፉ አላቅቆ፣ በቀለጠ ሰም ከአንድ አጭር ዘንግ ጫፍ ጋር ያጣብቅ ነበር። እኔ ያኔ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስሆን እርሱ ስድሳ አራቱን ይዟል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮት ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል፤ እርሱ ድንጋዩን፣ እኔ ወርቁን።

እኅቱ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን እጁን ታያለች።

"ወንድምዓለም፣ ቀስ በል። አክስትህን እንዳታሳምማት።"

"ስንቱን የቻለች አክስት ናት፤ ይህንንም ትችለዋለች፣ እትዬ።"

ጌጡ ነጋዴዎች ካሜኦ የሚሉት፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት የዘለለ የደረት ጌጥ ነበር። ድንጋዩ በተፈጥሮው ሁለት ንብርብር ነው፤ ላዩ ነጭ፣ ሥሩ ጥቁር ቡናማ። የጥንቱ ባለሙያ ነጩን ፈልፍሎ የአንዲት ሴት ገጽ ከጎን አውጥቶበታል፤ ቡናማውን ከኋላዋ እንደ ምሽት ትቶታል። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። እናታቸው ዘመኗን ሁሉ አንገትጌዋ ላይ ትሰካት ስለነበር፣ ሁለቱ ልጆች "ዝምተኛዋ አክስት" የሚል ስም አወጡላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ደግሞ እኅትየዋ ነበረች የምትሰካት። በዚያ ሰሞን አክስቲቱ ከእጇ አምልጣ ወደቀችና ጉንጯ ላይ የምስር ፍሬ የማያክል ስብራት ወጣባት።

"ሐሙስ ሆስፒታል እገባለሁ" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። "ሐኪሙ ፊቴን እያየ አይናገርም፤ ወረቀቱን እያየ ነው። እንግዲህ ገብቶኛል። ከመግባቴ በፊት ለልጄ በገዛ እጄ ልሰካላት ነው። ጉንጯ ተሰብሮ እንዴት አድርጌ ልስጣት?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስልሻል" አላት ወንድሟ። "አሁን ሂጂ፤ አረፍ በይ።"

እንዲህ ያለ ስብራት አይሞላም። የሚደረገው ዙሪያውን ያለውን ጉንጭ በአልማዝ ዱቄትና በዘይት በጥቂት በጥቂቱ እየፈጩ ወደ ስብራቱ ልክ ማውረድ ነው። ነጩ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ጨለማ ይቀርባል፤ ያን ጊዜ ነጩ፣ ውኃ እንደ በዛበት ወተት፣ ወደ ሰማያዊ ይመታል። "ሰማያዊው ሲታይ እጅህን አንሣ" ይል ነበር ሥራውን ሊያይ ለመጣ ሁሉ። "ከዚያ ወዲያ ያለው መቅረጽ አይደለም፤ መግደል ነው።"

ነገር ግን ሰማያዊ ቀለም ከዓይኑ ርቆ ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። ባለፈው ክረምት የጋዝ እሳቴ ሰማያዊ ሆኖ እየነደደ ሳለ፣ "እሳትህ ጠፋ እንዴ?" ብሎ መቆንጠጫ ለማንሣት እጁን በላዩ አሳለፈ። እጅጌው ተለበለበ። "ምነው፣ ዶሮ መሰልኩህ?" ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ በመስኮቱ ብርሃን ልብ ብዬ ስመለከት በብሌኖቹ ላይ እንደ አሮጌ ሰም ያለ ነገር አየሁ፤ የዓይን ሞራ ነበር። አልነገርኩትም። በክፍላችን፣ አንዱ በሌላው ጠረጴዛ ሥራ ሳይጠየቅ አይገባም የሚል ደንብ ነበረን። ያን ሁሉ ዓመት ሳንጣላ ያኖረን እርሱ ነው። እኔም በደንቡ ውስጥ ተሸሸግሁ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ድንጋዩን የሚፈጭበት ሞተር ድምፅ ቀጠነብኝ። ቀና ብዬ ከተቀመጥሁበት ስመለከት የሴትዮዋ ጉንጭ ወደ ሰማያዊ መትቷል።

"ጋሼ" አልሁ።

"ምነው?"

ምላሴ ላይ የነበረውን ዋጥሁት። "ምሳ ሰዓት ደርሷል።"

"ጨርሼ።"

ሞተሩ እንደገና ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ። ዘይቱን በጨርቅ ጠረገ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ እንደገና ዳበሰ።

"ና እስቲ፣ እይልኝ" አለኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጥሪ ነበር።

በጉንጯ መካከል የምስማር ራስ የምታህል ቡናማ ቀዳዳ ተከፍታለች።

"ሰማያዊው መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር።"

"መቼ?"

"ምሳ ያልኩዎት ጊዜ።"

"ዓይኔንስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?"

"ከክረምት።"

ዘንጉን ከነጌጡ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። "የሚመጥንህ ስድብ እንኳ አጣሁልህ" አለ።

"ጋሼ፣ በነጭ ሰም እንሙላው። ማንም አይለየውም።"

"ሐሙስ ማንም አይለየውም። ልጅቷ አንድ ቀን በሙቅ ውኃ ስታጥባት ሰሙ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ከነውሸቷ ላውርሳት?"

"የዓይን ሞራ እኮ ይገፈፋል፤ ነገውኑ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ።"

"ይገፈፋል። ነጩስ ይመለሳል?"

ወርቁን መልሼ ገጠምሁለት፤ ከዚያ በላይ የምሠራለት ነገር አልቀረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኅቱ መጣች። በትንሿ ሣጥን አድርጎ ሰጣት። ከፍታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። አበላሸኋት።"

"ታዲያ ሌላ ቀን ታስተካክለዋለህ።"

"አይስተካከልም።"

ጌጡን በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው፤ ገለጠችው፤ መልሳ ሸፈነችው።

"ለልጄ ምን ልበላት?" አለች። ወንድሟ አንገቱን ደፋ። "እናታችን እንኳ ስንት ቤት ስትለቅ፣ ስንት ዕቃ ሲሰበር፣ እሷን አንድ ነገር ሳይነካት..." ጌጡን በመሐረቧ ጠቀለለች፤ አልሰካቻትም። በሩን ከያዘች በኋላ ዞር አለች።

"ወንድምዓለም፣ ምሳ በልተሃል?"

"በልቻለሁ" ብሎ ዋሻት።

ከሄደች በኋላ ሞተሩን ከሶኬቱ ነቀለ። የጠረጴዛውን መብራት ብሎን ፈትቶ፣ ሽቦውን እየጎተተ ወደ እኔ ጠረጴዛ አመጣውና ጥግ ላይ አሰረው። አምፖሉን በእጄ ላይ አነጣጠረልኝ። ተመልሶም መብራት በሌለው ጠረጴዛው ተቀመጠ፤ እስከ መዝጊያ ሰዓት ከዚያ አልተነሣም።

እኅቱ ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ጌጡ ለልጅቷ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን ወይም ከአፋቸው የወጣውን ቃል አዛብቼ ጽፌ ከሆነ፣ እነዚህን ሰዎች የምታውቁ አርሙኝ። ደንብ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉኝ።