ሃያ አራት ቮልት ከአያ አስማማው ጎተራ

ከገሳይ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ አንድ ደጋ ቀበሌ ውስጥ አራት ቀን ተይዤ ነበር። ተይዤ ስል እጄን ያሰረኝ ሰው የለም። ቁርስ ይቀርብልኛል፤ ማታ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው መደብ ላይ ይነጠፍልኛል፤ ጋቢ ይደረብልኛል። ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ብቅ ስል ግን ዳኛቸው የሚባል ጎልማሳ ከተቀመጠበት ድንጋይ ዱላውን ተደግፎ ይነሣል።

«ወዴት ነው ኢንጂነር?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እግር የሚፍታታው ሽቅብ ሲሄዱ ነው። ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳል» ይልና አብሮኝ እያወራ ወደ ቤት ይመልሰኛል። ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለማያርፍ አማቱ ያወራኛል። ወሬው ይጥም ነበር፤ እኔ ግን የምሰማው የዱላውን ኳኳታ ብቻ ነው።

የምሠራው ገመድ አልባ ኢንተርኔት በሚዘረጋ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ከአንድ ወር በፊት በጋራው አናት ላይ ሃያ አምስት ሜትር የሚረዝም ታወር አቁመን ነበር። ጫፉ ላይ የሰቀልነው ሬዲዮ ከደብረ ታቦር የሚመጣውን መስመር ተቀብሎ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ኬላውና ለጥቂት ሱቆች ያከፋፍላል። ቀን ቀን ይሠራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ ደግሞ ይጠፋል። ላስተካክለው ሰኞ መጣሁ፤ ሐሙስም ደረሰ፤ አላስተካከልሁትም። ቅዳሜ ሲነጋጋ ደግሞ ደብረ ታቦር መገኘት ነበረብኝ። የእህቴ የጌጤ ልጅ በዚያ ቀን አርባ ይሞላዋል፤ የክርስትና አባቱም እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። ቀኑ ለማንም ሥራ ተብሎ አይገፋም።

የያዙኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ነገራቸውን ዳኛ ፊት ብናቀርበው የሚረቱት እነሱ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ተክሎላቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተበላሸ። ባለሙያዎች መጡና ሞተሩን «አሠርተን እንመልሳለን» ብለው በበቅሎ ጭነው ወረዱ። የሲሚንቶው መሠረት ዛሬም አለ፤ በግ ይታሰርበታል። እንግዲህ እኔም ማክሰኞ ዕለት «አንድ ዕቃ ፈትቼ ልውረድና በሌላ ልቀይረው» ስል፣ ያረፍሁበት ቤት ባለቤትና የቀበሌው ሽማግሌ የሆኑት አያ አስማማው ሳይቆጡ መለሱልኝ።

«ዕቃ ያለ ሰው ብረት ነው። ሰውም ያለ ዕቃ መንገደኛ ነው። ሁለታችሁም እዚሁ ቆዩ።»

ጥፋቱ የት እንዳለ አውቀው ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሳይሆን ከተከላው ቀን ጀምሮ።

በንድፉ ላይ ባትሪዎቹ የሚቀመጡት ታወሩ ሥር ነበር። አራት ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪዎች ናቸው። ሁለት ሁለቱን አጣምሬ ሃያ አራት ቮልት እንዲሰጡ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ለሃያ አምስት ሜትር ሽቦ ሃያ አራት ይበቃል፤ የፀሐዩን ኃይል ተቀብሎ ባትሪ የሚሞላው ኮንትሮለርም ከዚያ በላይ አይችልም። በተከላው ቀን ግን አያ አስማማው የባትሪውን ሣጥን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ይህን የሚያህል ንብረት ሜዳ ላይ አያድርም። እኛ አደራ የምንጠብቀው ከጣራችን ሥር ነው» አሉ። የተሰበሰበው ሰው «እውነት ነው» አለ። ለካ ጎተራው ያለበትን ክፍል እኩሌታ አስለቅቀው፣ ወለሉን በእበት አስለቅልቀው አድርቀውታል። ከዚያ እስከ ታወሩ ሰማንያ ሜትር ነው።

እዚያው ቆሜ በልቤ አሰላሁት። በእጄ ያለው ቀጭን ሽቦ የታወሩን ከፍታ ጨምሮ ከመቶ ሜትር በላይ ሲሄድ ከሃያ አራቱ ቮልት አምስቱን መንገድ ላይ ይበላል። ጫፍ የሚደርሰው አሥራ ዘጠኝ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ከሃያ በታች አይሠራም። ቀን ፀሐዩ ባትሪውን ሲሞላ ቮልቱ ከፍ ስለሚል ያልፋል፤ ማታ አያልፍም። «አያ፣ አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። የተለቀለቀውን ወለል አየሁ፤ የእሳቸውን ሽበት አየሁ፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

«ይሆናል» አልሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ለሙላቴ ደወልሁ። ዳኛቸው እንዳላፍር ብሎ ፈንጠር አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«አራቱንም ባትሪ በተርታ ቀጥላቸው» አለኝ ሙላቴ። «አርባ ስምንት ይሆንልሃል። ሬዲዮው እስከ ሃምሳ ስድስት ይቀበላል።»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ኮንትሮለሩ አርባ ስምንት አይሞላም። ባትሪዎቹም ተዳክመዋል። ሁለት ቀን ቢሄዱ ነው።»

«አንተን ለማውረድ ሁለት ቀን አነሰህ?»

ቁልቁል የአያ አስማማውን ጣራ አየሁ።

«ይሻው፣ ስማኝ። አብራላቸው፤ ይዩት፤ መርቀው ይሸኙሃል። የቀረውን ሰኞ ቢሮ ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

«እንደ ፓምፑ?»

«የምን ፓምፕ?» አለኝ። ነገሩን እውነትም አያውቀውም፤ አልፈረድሁበትም።

ወርጄ ጎተራው ክፍል ገባሁ። ማያያዣዎቹን ፈትቼ አራቱን ባትሪ በተርታ ቀጠልኋቸው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቴስተሩን ሳስጠጋ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት አለ። በሃያ አራት ቮልት ማታ የማይዘለቅ መንገድ በአርባ ስምንት ሲታይ አጭር ነው፤ ቮልቱ ሲያድግ በሽቦው የሚያልፈው ጅረት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚባክነውም ይቀንሳል። ግን የማይሞላ ባትሪ ነው። በሃያ አራት ብተወው ይሞላል፤ አይሠራም። በአርባ ስምንት ባደርገው ይሠራል፤ አይሞላም። በሁለቱ መካከል እኔ አለሁ፤ በሩ ላይ ደግሞ ዳኛቸው አለ።

ፀሐይ ጠለቀች፤ ኢንተርኔቱ አልጠፋም። መጀመሪያ የመጣችው የሺ ናት። የሺ ከጅዳ ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማተሚያ ትንሽ ሱቅ ከፍታ የተማሪ ቅጽ ትሞላለች።

«ሠራ እኮ» አለች በር ላይ ቆማ። «ከመቼ ወዲህ ነው ማታ የሚሠራው?»

ወዲያው ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የትምህርት ቤቱ መምህርም መጣ። አያ አስማማው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ እኛም ተነሣን። መዳፋቸውን ዘረጉ።

«የጀመርኸውን ለመጨረስ ያብቃህ።»

«አሜን» አለ ሰው።

«ከወጣህበት በሰላም ያግባህ።»

«አሜን።»

«ቃልህን እንደ ዛሬው ያጽናልህ።»

ሰው አሜን ሲል እኔ አልቻልሁም።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምርቃቱን ያቆዩልኝ» አልሁ።

ምርቃት በመሐል አይቋረጥም። አያ አስማማው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀሩ።

ነገርኋቸው። የቦይ ውኃ ስለሚያውቁ በውኃ ነገርኋቸው። «ምንጩ ከእርሻው እምብዛም ከፍ ካላለ፣ ቦዩም ከረዘመ፣ ውኃው መንገድ ላይ ሰርጎ ይቀራል። እስከ ዛሬ የነበረው እንዲያ ነው። አሁን ምንጩን ከፍ አደረግሁት፤ ደረሰ። ነገር ግን ምንጩ የሚሞላበትን መንገድ ዘግቼ ነው። ቅዳሜ ማታ ይነጥፋል። ለዚህ ከፍታ የሚሆን መሙያ ከከተማ ማምጣት አለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሣጥኑ ወደዚህ ሲመጣ እንደማይሆን አውቄ ይሆናል ብያችኋለሁ።»

«አራት ቀን ቁልቁለት ስከለክልህ ይህን አፍነህ ነው?» አለ ዳኛቸው። «እኔ ደግሞ ስለ አማቴ ሳይቀር ነገርሁህ።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። አያ አስማማው አልሳቁም። እጃቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

«ያን ዕለት አንድ ቃል ብትናገረኝ ልጄ፣ ታወሩ ሥር ጎጆ እቀልስለት ነበር። ዘብ አቆምለት ነበር። አሁን እህሉ ማሳ ላይ ነው፤ ማን እጅ አለው?»

«አፈርሁ፣ አያ።»

«ማንን? እኔን?»

«ወለሉን አስለቅልቀው ነበር።»

«ለወለል ብለህ አገር ታስቀይማለህ?» አሉ። ከዚያ፣ «መልካም። ውረድ። ግን ዋስ ጥራ» አሉ።

ዋስ ማለት እዚያ ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው። የሄደው ካልተመለሰ በሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ የሚኖር ሰው ነው። ዙሪያውን አየሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ከተከላው ቀን በፊት የሚያውቀኝ የለም። መምህሩ ጫማውን ያይ ነበር። አልተቀየምሁትም፤ እኔም ብሆን ጫማዬን ነበር የማየው።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለች የሺ።

«አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?» አሉ አያ አስማማው።

«አላውቀውም። ጅዳ የቤት ሠራተኛ ሳለሁ እመቤቴ ፓስፖርቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ሁለት ዓመት ‹በሚቀጥለው ወር ትሄጃለሽ› ትለኝ ነበር። ምግብም አልነፈገችኝም፤ አልጋም ነበረኝ። አያ፣ እያበሉ መያዝም መያዝ ነው።»

አያ አስማማው እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ። «ባይመለስስ?»

«ባይመለስ እኔ አለሁ። የት እሄዳለሁ?»

«ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ» አልሁ።

ስወጣ የሺን አመሰግናለሁ ብዬ ተጠጋኋት። «ክርስትና አለህ አሉ» አለችኝ።

«ቅዳሜ ንጋት ነው። ዕቃውን ነገ ደብረ ታቦር እገዛለሁ፤ ልጁን አስጠምቄ ከሰዓት እደርሳለሁ።»

«ድረስ እንግዲህ። እኔ ከዚህ አገር ሰው ጋር ነው የምኖረው» አለችኝ፤ ሄደች።

ዓርብ ማለዳ ዳኛቸው እስከ ገሳይ ሸኘኝ። መኪና ላይ ስወጣ ትከሻዬ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ላይ ሳለሁ የሚጠብቀኝ ባለ ዱላ ነበር፤ አሁን የምትጠብቀኝ አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ በሐሳቤ አብራኝ ተሳፍራለች።

ደብረ ታቦር ያሉትን ሱቆች ሁሉ ጠየቅሁ። ኮንትሮለር አላቸው፤ ሁሉም እስከ ሃያ አራት ነው። ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ ዘንድ ደወልሁ።

«የአርባ ስምንት አንድ አለኝ» አለኝ። «ዛሬ ግን ልዘጋ ነው፤ አትደርስብኝም። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል እከፍታለሁ።»

ሙላቴ ደግሞ በስልክ፣ «ይሠራ የለም እንዴ? ሰኞ ይደርሳል» አለኝ።

ሰዓቱን ደጋግሜ ቆጠርሁት። ከጥምቀቱና ከቅዳሴው በኋላ ተነሥቶ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ተመልሶ ገሳይ ወርዶ፣ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አይቻልም። በምንም መንገድ ብቆጥረው አይቻልም።

እህቴ ቤት ሄድሁ። ጌጤ ልጁን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኋት።

«ዋስ የሆነችልህ ዘመድ ናት?» አለችኝ።

«አይደለችም።»

«ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። «ያን ቀን አይሆንም ብትል ምን ነበረበት?»

ከልጁ ላይ የተንሸራተተውን መሸፈኛ መለስሁለት።

«የባሌ ወንድም ይይዘዋል» አለች። «አንተማ አጎቱ ነህ፤ አጎትነትህ አይቀርም።» ልታጽናናኝ ብላ ነው። የክርስትና አባት ግን አንድ ብቻ ነው። «ሂድ፤ የባሕር ዳሩ መኪና እንዳያመልጥህ።»

ልጁን ልስመው ጎንበስ አልሁ። ተኝቶ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የባሕር ዳሩ ሱቅ በር ላይ ነበርሁ። ኮንትሮለሩን ተቀብዬ በገሳይ አልፎ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ሐሙሲት ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆም ሰዓቴን አየሁ፤ ልጁ በዚህን ጊዜ ስም ወጥቶለት፣ ማተብ ታስሮለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ስሙን ማን እንዳሉት አልጠየቅሁም ነበር።

ደብረ ታቦር የገባነው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ከዋናው መንገድ ወደ እህቴ ሰፈር በሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ ለክርስትናው የተተከለው ድንኳን በመስኮቱ ታየኝ። ሰዎች ነጭ ለብሰው ይገባሉ፤ ይወጣሉ። አንድ ሰው ሰፊ ትሪ ተሸክሞ በጎን ይገባ ነበር።

ረዳቱ በሩን ከፈተና፣ «ወራጅ አለ?» አለ።

አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ። ረዳቱ ወደ እኔ አየ፤ ምናልባት ፊቴ ወራጅ መስሎት ይሆናል። ኮንትሮለሩን በሁለት እጄ ጉልበቴ ላይ እንደያዝሁ ቁጭ አልሁ።

«ሳበው» አለ ረዳቱ፤ በሩንም ዘጋው።