ጫማውን ሳይጠይቅ

«ጫማሽን አውልቂና አረፍ በይ እንጂ፤ መንገደኛ መሰልሽ እኮ» አለቻት አክስቷ።

ፀጉር ሠሪዋ ያልሰማች መስላ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሳች። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ቁጭ ስትል ያያት ሰው የለም። ለቀስተኛ ሲገባ ወንበር ታቀርባለች፣ ሲወጣ ወንበር ታነሳለች፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ሴቶቹ «አልቅሳ አልወጣላትም» ይላሉ፤ አንጀታቸውን በልታዋለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ፈርታለች። ቁጭ ካለች ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጉልበቷ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ አክስቷ የምትለውን ታውቃለች።

አክስቷም አላሳፈረቻትም። ሻሽ ወዳሰረችው ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ «የወንድሜን እግር ነው የወረሰችው» አለች በሹክሹክታ። የአክስትየው ሹክሹክታ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

ጎረቤቲቱ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ከሻሹ ሥር ያለውን የሚያውቁት እሷና ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናቸው። ካሮት የመሰለ ፀጉር ነው።

ነገሩ የሆነው አባትየው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቷን ቀለም ቀብታ ስታበቃ ደረቷ ውስጥ ያ ነገር ተነሳ። ሲመላለስባት ወራት ሆኖታል። ሕመም እንዳይባል ሐኪም አይቷታል። ባሏ ደህና ሰው ነው፣ ልጇ ደህና ናት፣ ሥራውም ተመስገን ነው። ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ የሆነ ነገር ከውስጥ ይጎተጉታታል፤ ተነሺ ይላታል፣ ወዴት እንደሆነ ግን አይነግራትም። ያን ቀን ቀለሙን ሳታጥብላት ጓንቷን አውልቃ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ወደ ራሷ የተመለሰችው መናኸሪያ ውስጥ፣ ትኬት ሻጩ መስኮት ፊት ቆማ ነው። ሰውየው «ወዴት ነሽ?» አላት። ምን ትበለው?

የልጇ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት እንዳለፈ ያኔ ትዝ አላት። ሮጣ ስትደርስ ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«እንደ አያቴ ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ» አለቻት።

ማን እንደነገራት መጠየቅም አያስፈልግም፤ አክስትየው ባለችበት ቤት ያልተነገረ ነገር የለም። መሄዱማ እውነት ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ነዳጅ እንደሚረግጥ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ «ሞተር» ይለው ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ያኔ የልጇን ያህል ነበረች። አንድ ቀን አውቶቡሱን ተሳፋሪ እንደጫነ መንገድ ዳር አቆመና ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ ሲመለስ እናቷ «ግባ፣ ብርድ ነው» አለችው። ልጅ ፊት ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ አባቷ አንዳንድ ቀን ከሰዓት ወደ ኋላ ክፍል ገብቶ በሩን መዝጋት ለመደ። አንድ ጊዜ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያ ቀስ ባለ ድምፅ «አቤት» አለ። ማንም አልጠራውም ነበር። ከእሱ ሌላ የነበሩት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው፣ እናቷ ደግሞ ልብስ እያሰጣች ደጅ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በር አጠገብ የምታልፈው በሩጫ ነው። አድጋ፣ ወልዳም በሩጫ።

አሁን እንግዳው ሳሳ ብሏል። ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ያ ነገር ተነሳ፤ እንደዛሬም በርትቶባት አያውቅም። ብርጭቆው አምልጧት ወደቀ። ቀጥሎ ያወቀችው ቦርሳዋን አንጠልጥላ የውጪው በር ላይ መቆሟን ነው። ልጇ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። የምታየው ፊቷን አይደለም፣ ጫማዋን ነው።

እናቷ ከኋላ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ወዴት ነሽ?»

«እንጃ፣ እማዬ።» ልጇን ዞራ አየቻት። «ፈራሁ። ልጄን ጥዬ ልሄድ ነው መሰለኝ።»

እናትየው እየመራች ወደ ኮሪደሩ፣ ወደዚያ በር ወሰደቻት።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ቆየ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ? አበድኩ ብዬ?»

«አባትሽም እንዲሁ ነበር ያለኝ» አለች እናቷ። «የሄደው ከፋንበት አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። የሆነ ነገር የሚያባርረው ይመስለው ነበር። ሄዶ ሄዶ፣ ደክሞት ቁጭ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀድሞት ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ‹የሚያባርረኝ አይደለም፣ የሚጠራኝ ነው› ብሎ ተመለሰ። ማነው የሚጠራህ ብለው፣ ‹ፈጣሪ ነዋ፤ ሌላ ማን እንዲህ ይጨቀጭቃል?› አለኝ።»

እናትየው ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

«ሲመጣበት ጫማውን አውልቆ ይሰጠኛል፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን እንደሱ ልጅ እንኳ አይለምንም። አልሰጠሁትም። ጫማውን ታቅፌ እዚህ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።»

«ከዚያስ ለቀቀው?»

«የት ይለቀዋል! ግን ሲወጣ ልቡ ሰፍቶ ይወጣል። ያስቀየመውን ሰው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። አውቶቡስ ውስጥ የተዋቸውን ተሳፋሪዎች እንኳ ሲፈልግ ኖሯል።» እናትየው በሩን ዳበሰችው። «የመጨረሻ ቀንም ጫማውን ሰጠኝ። ሲቆይብኝ በሩን ከፈትኩ፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አልነቃ አለኝ። ጫማውን ሳይጠይቀኝ ሄደ።»

ፀጉር ሠሪዋ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቷ ናፈቃት። ተናደደችበትም፤ ይህን ሁሉ ዘመን በር ዘግቶ ከሚያስፈራራት ምናለ ቢነግራት?

«ብቻዬን እዚህ መግባት እፈራለሁ» አለች።

«ፍሪ። እሱም እየፈራ ነው የሚገባው።»

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ያዘች። እንደምንም ፈትታ አወለቀችና ለእናቷ ሰጠቻት።

«ብለምንሽም...»

«አውቄያለሁ» አለች እናቷ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ትንሽ መስኮት አሉ። ሚስማር ላይ የተሰቀለው የአባቷ ጃኬት ዛሬም ነዳጅ ነዳጅ ይላል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ጉልበቷ ጀመረ። ወለሉ ከባዶ እግሯ ሥር ይቀዘቅዛል። ደረቷ ውስጥ ያ ነገር ተነሥቶ እስከ ጉሮሮዋ ደረሰ፤ ልትሞት መሰላት።

«እማዬ፣ ጫማዬን!»

መልስ የለም።

«እማዬ፣ በናትሽ!»

መልስ የለም። የምትሄድበት ስታጣ ባለችበት ቀረች። ጉልበቷ አላቆመም፣ ፍርሃቱም አልሄደም። ግን ከዚያ ሁሉ ጉትጎታ ሥር አንድ የሚጠብቅ ነገር እንዳለ ታወቃት። ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ ከድሮ ጀምሮ የሚጠብቅ። 

«አቤት» አለች።

ከበሩ ውጭ እናትየው መሬት ላይ ተቀምጣ በቀሚሷ ጫፍ የጫማውን አቧራ ትጠርጋለች። ልጅቷ በእግር ጣቷ ቀስ እያለች መጣች።

«እማማ፣ እማዬ ማንን ነው አቤት የምትለው? ማንም አልጠራትም እኮ።»

አያቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ጫማውንም ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ በሩን አየች፣ ጫማውን አየች። ከዚያ የሁለቱን ጫማ ማሰሪያ አንድ ላይ ቋጠረችው፤ ለማንኛውም ብላ አንድ ጊዜ ደገመችው።