ሬዲዮው ክፍት ነበር

የፌሮ ብረቱ እስር ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይኛው ወለል ሲያመራ፣ ፎርማኑ ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ በሬዲዮ «ቀስ፣ ቀስ በል ጋሼ» ይላል። በክሬኑ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው የእህቱ ባል ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ «አሞራው» ይለዋል። ሁለቱም የሚጸልዩት ወደ አንድ አምላክ ነው፤ አጸላለያቸው ግን ለየቅል። ፎርማኑ ሲጸልይ ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለትልቅ ባለሥልጣን አቤቱታ እንደሚያቀርብ ሰው ቃል እየመረጠ ነው። አሞራው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ብቻውን ስለሚውል ከፈጣሪው ጋር ያወጋል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል።

«እግዚአብሔር እኮ የሠፈርህ ልጅ አይደለም» ይለዋል ፎርማኑ።

«አንተም ግብር አስከፋይ አታድርገው» ይመልሳል አሞራው።

አንድ ቀን ጠዋት ፌሮው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ? ጋሼ! አዙረው እንጂ!»

አሞራው ሬዲዮውን ሲያስቀምጥ የመናገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ቀርቶ ነበር፤ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ደግሞ ከታች የሚነገረው ወደ ላይ አይደርስም። የእሱ ድምፅ ግን በየወለሉ ካሉት ሬዲዮዎች ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይኸው ዛሬም መጣብኝ። ሕንፃው እንደ እንዝርት ይሾርብኛል። ‹አንሣልኝ› ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ዝም አልከኝ። ለሚስቴ እንዳልነግራት እንቅልፍ ታጣለች። ለወንድሟ እንዳልነግረው ኮቱን ቆልፎ ስብሰባ ይጠራብኛል።»

ከግንበኞቹ መካከል አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ የመጣው ሳቁን አፉ ላይ አደረቀው።

«መውደቁን አይደለም የፈራሁት። ከዚህ ብረት ሥር የሚያልፈውን የሰው ልጅ ልጨርሰው ነው። አፌን የያዘው ኩራቴ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ። ‹አሞራው ከፍታ ፈራ› እንዳይሉኝ ነው። አሁን ግን ደከመኝ። እዚህ አጠገቤ ሁን፤ ማንም ሳይጎዳ ላሳርፈው። ከዚያ የምትለኝን እሰማለሁ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።»

ፎርማኑ ከብረቱ ሥር ያለውን ሰው ሁሉ በጩኸት አስለቀቀ። ከዚያም አሞራው በግልጽ ወደሚያየው ባዶ ቦታ ሮጦ ቆመና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሬዲዮ ባልነበረ ጊዜ ይሠራበት በነበረው የእጅ ምልክት። ወደ ግራ። ቁም። ዝቅ። አፉ ደግሞ «ያዘው፣ በቃ ያዘው፣ እባክህ» ይላል። የመረጠው ቃል አልነበረም፤ ጉሮሮውንም አልጠረገም።

ብረቱ ቀስ እያለ ወርዶ መሬት ላይ ተኛ።

አሞራው በየመወጣጫው ላይ እያረፈ ወረደ። ከታች ሲደርስ ግንበኞቹ ከብበው ጠበቁት።

«አሜን ብለናል ጋሼ!» አለ አንዱ።

«ምኑን?» ዓይኑ በፎርማኑ ሬዲዮ ላይ አረፈ። «ሰማችሁኝ እንዴ?»

«ከ‹ጌታዬ› እስከ ‹አሜን›» አለ ፎርማኑ።

«ስለ ኮቱም?»

«ስለ ኮቱም።»

አሞራው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «አይ ጌታዬ! ምስጢሬን ባዋይህ ለመንደሩ ሁሉ ታወራብኛለህ?» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ፎርማኑም አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም እዚያው ብረቱ ላይ ተቀመጡ።

በዚያው ቀን የሄደበት ክሊኒክ ሐኪም የውስጥ ጆሮ ሕመም እንደሆነ፣ በመድኃኒትም እንደሚሻለው ነገረችው። አመሻሹ ላይ ፎርማኑን አስከትሎ ቤቱ ገባ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ነገሩን አንድ በአንድ ከሰማች በኋላ «አባዬ፣ ብትወድቅ ኖሮስ?» ብላ እጁን ጨብጣ አልለቅ አለች። እናቷ ግን ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ለፈጣሪህ ትነግራለህ፣ ለእኔ ትደብቃለህ?»

«እሱ አያለቅስማ፤ አንቺ ታለቅሻለሽ።»

«ያለቅሳል እንጂ! ምን ታውቃለህ አንተ?» አለችና እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

«እሺ፣ ተቀመጡ። አንተም ኮትህን ፍታና ተቀመጥ» አለ አሞራው። ሦስቱም ተቀመጡ። «ከነገ ጀምሮ ወደ ላይ አልወጣም። ቢሻለኝም አልወጣም። መሬት ላይ ሆኜ ምልክት እሰጣለሁ፤ ደመወዙ ያንሳል፣ እንችለዋለን። ይህን ገና ለጌታዬም አልነገርኩት፤ ዛሬ እናንተ ቅደሙ ብዬ ነው።»