ከጨረባዎቹ ጎጆ አጠገብ ያለው ካሜራ

«መቶ አስራ ሁለት» አለች ቶኪኮ። ቁልፉን ተጭና ጠበቀች። የሚመልስ የለም። ደብተሯ ላይ ሰረዝ አደረገችና «መቶ አስራ ሦስት» አለች።

ከቁርስ ጀምሮ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት አልተነሳችም። የምትፈልገው ከዋናው በር በላይ፣ ከጣሪያው ከፈፍ ሥር የተሰቀለውን ካሜራ አይፒ አድራሻ ነው፤ በቤቱ ኢንተርኔት ውስጥ ካሜራው የሚጠራበትን ቁጥር ማለት ነው። ባሏ ኢዋኦ ቁጥሩን ከሰባት ዓመት በፊት በገዛ እጁ ሰጥቶት ራሱ ረስቶታል። ቁጥሩን ይዞ የኖረው የድሮው ታብሌት ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኞ ዕለት ከአልጋ ወድቆ ብትንትኑ ወጣ። አዲሱ ታብሌት ደግሞ ምኑንም አያውቅም።

የካሜራ ነገር ብቻ ቢሆን ማን ጉዳዬ ይለዋል! ኢዋኦ ባለፈው መኸር ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ፎቅ ላይ ተኝቶ ቀኑን የሚገፋው ያ ካሜራ የሚያሳየውን በታብሌቱ እያየ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ ምግብ መቆንጠር ብቻ አመጣ፤ ታብሌቱ ሲሰበር እሱንም ተወው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነርሷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ «ቀና ብለው ካልተቀመጡና ካልበሉ ነገ ሆስፒታል እናስገባቸዋለን» ብላለች። ቶኪኮ በዚህ ዕድሜ ሆስፒታል ገብተው ያልተመለሱ ስንት ጎረቤቶች እንዳሏት ታውቃለች።

ስልኩ ጮኸ። ናጋሴ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለቤት፣ የኢዋኦ የልጅነት ጓደኛ። ካሜራውን በኮምፒውተር እንዴት እንደምትጠራ ጠዋት በስልክ ያስተማራት እሱ ነው።

«አሁንም እየቆጠሩ ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። «ኢዋኦ ስም ሳይለጥፍበት የሚያሳድረው ዕቃ የለም እኮ! ቁጥሩን ካሜራው ሆድ ላይ ለጥፎታል። መሰላል ያቁሙና ያንብቡት።»

እውነቱን ነው። ኢዋኦ ጽሑፍ የምታትም አንዲት ትንሽ ማሽን አለችው፤ ጨው ላይ «ጨው»፣ ጀርባ ማከኪያው ላይ ሳይቀር «የኢዋኦ» ብሎ ለጥፏል። የካሜራው የይለፍ ቃል ማቀዝቀዣው ላይ አለ። ቁጥሩን ብቻ ከባለቤቱ ጋር ይሁን ብሎ እላይ ሰቀለው።

«መሰላልማ አላቆምም» አለች። «እሱ በካሜራው የሚያያቸው ወፎች፣ ጨረባዎቹ፣ እዚያው አጠገቡ እንቁላል ታቅፈዋል። ደንግጠው ጥለው ቢሄዱስ? እኔ እንኳ እንዳልረብሻቸው ብዬ ከሚያዝያ ጀምሮ የምወጣው የምገባው በጓዳ በር ነው።»

«አይ እርስዎ! ጨረባ እኮ ሰው የሚመላለስበትን ደጃፍ የምትመርጠው ቁራ እንዳይደርስባት ብላ ነው። ባዶ ደጃፍ ምን ያደርግላታል? ለማንኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቁጥሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ፕሮግራም አለኝ።»

«ነርሷ ዛሬ ልትመጣ ቅዳሜ ምን ይሠራልኛል?»

«የኢንተርኔቱ ሳጥን ዝርዝር ላይስ የለም?»

«ሳጥኑ የሚያውቀው ራሱ ያደለውን ቁጥር ነው። የኔው ጉድ በእጁ ነው የሰጠው።»

«እንግዲያስ ይጥሩ። ድሮም ሙያዎ ነበር» አለና ዘጋው።

ሙያዋ ነበር። ከማግባቷ በፊት በከተማው ስልክ ቤት ገመድ እየሰካች ሰው ከሰው የምታገናኝ ልጅ ነበረች። ቁጥር ጠርቶ ከወዲያ ማን እንዳለ መስማት ያኔም ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ልቧ በጭንቅ ተይዞም እንኳ ያ ደስታ አልለቀቃትም። ስድስት ቁጥር ላይ ማተሚያው መለሰላት። አስራ ዘጠኝ ላይ የመታጠቢያ ገንዳውን ውሃ የሚያሞቀው ማሽን መለሰ። «ገንዳውም ለካ ስልክ አለው!» ብላ ብቻዋን ሳቀች።

ቀትር ላይ የሩዝ አጥሚት ከኮመጠጠ የፕለም ፍሬ ጋር ይዛ ፎቅ ወጣች። ኢዋኦ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። ከአልጋው ማዶ፣ ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ ያምረውና ይነሳ ይሆናል ብላ ውሃ ሞልታ ያኖረችው የኤሌክትሪክ ማፍሊያ አቧራ ለብሷል። እስከ ሚያዝያ ድረስ እሷ ከገበያ ስትመለስ ሁልጊዜ ውሃው በዚያው ደቂቃ ፈልቶ ይጠብቃት ነበር፤ ዕድሌ ነው ትል ነበር።

«እንደው ትንሽ እንኳ ትዝ አይልህም?» አለችው።

«እንዳልረሳው ብዬ ቀላል ቁጥር ነው የሰጠሁት።»

«እኮ ምን?»

«ረሳሁት።»

«ያንተን ልደት ሞከርኩ፣ የኔን ሞከርኩ፣ የሠርጋችንን ቀን ሞከርኩ።»

«ሠርጋችን መቼ ነበር?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳትሞት ልግደልህ እንዴ?»

ከንፈሩ ፈገግ ሊል ቃጣው፤ ተወውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አጥሚቱን ውሰጂው።»

«አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በሞቴ።»

«አልፈልግም አልኩሽ።»

«ለወፍ ብሎ ይህን ያህል ኩርፊያ!» አለች።

ወርዳ ቀጠለች። መቶ ሃምሳ፣ የለም። መቶ ሰማንያ፣ የለም። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆነ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ የለም። «ሁለት መቶ» ብላ ቁልፉን ስትጫን፣ መልሱ ተከታትሎ ወጣ።

«አቤት አልክ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

ቁጥሩን አዲሱ ታብሌት ላይ ጻፈች፤ የይለፍ ቃሉን ከማቀዝቀዣው ላይ አነበበች። ምስሉ መጣ። ጎጆውን ሙሉ አያለሁ ስትል፣ ከላይ ጥግ ላይ እፍኝ ጭቃና መቀስ የመሰለ ጭራ ብቻ ታየ። የቀረው ሁሉ በራቸው ፊት ያለው የድንጋይ መረማመጃ፣ የግቢው መግቢያና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ኩርባ የሚሄደው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ካሜራውን ነፋስ ያዞረው መሰላት። ከዚያ መሰላሉ ትዝ አላት። በመኸር የወደቀ ዕለት «አሸንዳ ሳጸዳ ነው» ብሏት ነበር፤ በማግስቱ ግን አሸንዳው ቅጠል እንደሞላው አግኝታው እየተራገመች ያጸዳችው ራሷ ናት። ያ የፈላ ውሃም ዕድል አልነበረም። ይኸው እሷ በጓዳ መውጣት ከጀመረች ወዲህ ሰውየው ባዶ መንገድ ሲያይ ከርሟል። ተናደደች። እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ፎቅ ወጣች።

«ሁለት መቶ» አለችው።

«አየሽ? ቀላል ነው አላልኩሽም?» አለና ታብሌቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ካሜራውን ማን አዞረው?»

ኢዋኦ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«መሰላሉ ላይ የወጣኸው ለዚህ ነው?»

«እዚያ ኩርባ ላይ ሁለቴ ወድቀሻል» አለ ቀስ ብሎ። «መድረስሽን ካየሁ ይበቃኛል ብዬ ነው።»

«ታዲያ አፍ የለህም? በጓዳ አትውጪ ማለት አቃተህ?»

«ለወፎቹ አዝነሽላቸው ሳለ... እንዴት ብዬ ልበልሽ?»

ቶኪኮ ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ሆኗል። ታብሌቱን እጁ ላይ አኖረችለትና «ቶፉ ልገዛ ነው» አለችው። ቶፉ፣ ያ የአኩሪ አተር አይብ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሞልቷል።

ወረደች። የጓዳውን በር ከውስጥ ቀረቀረችው። ጫማዋን ይዛ ወደ ዋናው በር ሄደችና ከፈተችው። አንዷ ጨረባ ከራሷ በላይ እልም ብላ ወጣች፤ ወዲያው ተመልሳ ጎጆዋ ላይ ተቀመጠች። ቶኪኮ በድንጋዮቹ ላይ ሳትቸኩል አለፈች፤ ኩርባው ድረስ ሄዳ ከአጥሩ ጀርባ ቆመች። እስከ ሁለት መቶ ቆጠረችና ተመለሰች። በድንጋዮቹ መሃል መሃል፣ ፊቷን ቀና አድርጋ።

በሩን ከፍታ እንደ ወትሮዋ «መጣሁ!» ብላ ጮኸች።

ከፎቅ የውሃ ማፍሊያው ድምፅ ይሰማል፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። የማፍሊያውን ቁልፍ ቀና ብሎ ያልተቀመጠ ሰው አይደርስበትም።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ኢዋኦ። «አጥሚቱን ይዘሽው ነይ። ውሃው ሊፈላ ነው።»