አርባ አንድ ስህተት

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳለ፣ ምላጭ ጮኸች። እንዲያው «ውይ!» ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት ጩኸት አልነበረም። ምድር ቤት ያሉት የጥረዛ ሠራተኞች ማሽን የሰው እጅ የቆረጠ መስሏቸው መብራቱን አጠፉ። ገጽ አቀናባሪው ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው። እሷ ግን አንድ ወረቀት በሁለት እጇ እንደያዘች ክው ብላ ቀርታለች።

ምላጭ የቅጽል ስሟ ነው። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዓይኗ ስህተት ስላላመለጠ ነው ይህን ስም ያወጡላት። በነዚያ ሁሉ ዓመታት መጽሐፍ ሲያስቃትም ሲያስለቅሳትም ያየ የለም። ዘዴዋ አነባበቧ ላይ ነው። ከመጨረሻው ገጽ ተነስታ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ የኋሊት ነው የምታነበው። «ታሪክ ልብ ይሰርቃል፤ ልቡ የተሰረቀ አራሚ ደግሞ ዓይኑ አያይም» ትላለች። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ወረቀት መድባ ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለም፣ የልጆቹን ቁጥር ትመዘግባለች። ሁለት ገጾች እርስ በርስ ከተጣሉ ዳኛው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ የኋለኛው በቀይ እስክሪብቶ ይስተካከላል። ለጀማሪ ሁሉ ይህንኑ ታስተምር ነበር፤ በዚህ ነገር ከእሷ ጋር መከራከር ደግሞ ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

ይህ ረቂቅ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መጽሐፎቹን ሁሉ እዚያ ከሚያሳትም አሳታሚ፣ በብዕር ስም መጣ። የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ያስፈራል ተብሎ ተወርቶለታል። እሷን ምን ሊያስፈራት! እርስ በርሱ ሲጣላ አርባ አንድ ቦታ ላይ ያዘችው። ሰውዬው በመጀመሪያው ገጽ ብርጭቆውን በቀኝ እጁ ያነሳል፣ ኋላ በግራው። ሁለት ማንኪያ የነበረው ስኳር አራት ይሆናል። የቤቱ ደረጃ ዐሥራ ሰባት ነበር፣ ሲቆጥረው ዐሥራ ስድስት ይሆናል። ይባስ ብሎ የገዛ ልጁን በእህቱ ስም ይጠራል።

«እንዲህ ያለ ዝርክርክ ደራሲ አይቼ አላውቅም» አለች እራት ላይ ለባሏ። ባሏ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሠርቶ የማይደክመው ሰው። «የገዛ ሰውዬውን እጅ እንኳ አያውቀውም! ደግሞ ሊፍት አለበት፣ የአንተ ዕቃ።»

ባሏ ሹካውን አስቀመጠ። «ሁሉንም አስተካከልሽው?»

«አንድ አላስቀረሁም!»

«ጎበዝ» አለና ተነስቶ ሳህኑን ማጠብ ጀመረ።

በጮኸችበት ዕለት ጠዋት ነው እንግዲህ ገጽ አቀናባሪው ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ የቆመው።

«እትዬ ምላጭ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልበልሽ?»

«ከተቆጣሁስ?»

«ያው እችለዋለሁ። ይሄን መጽሐፍ ገደልሽው።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ረቂቁን ሳነብ ጀርባዬን ለበር መስጠት ፈርቼ ነበር። አንቺ ያረምሽውን ሳነብ ግን ሰውዬው ደህና ነው! ሻዩን ይጠጣል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ አለቀ። መጽሐፉ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማሽን ላይ ይወጣል። በሞቴ፣ ከመታረሙ በፊት የነበረውን ከፊት ጀምረሽ አንብቢው።» ቀይ ያልነካው ቅጂ ፊቷ አስቀመጠላት።

እልህ ያዛትና አንደኛውን ገጽ ገለጠች።

ከምድር በታች ሁለት ሺህ ሜትር የተቆፈረ የምርምር ጣቢያ አለ። አንድ ጠዋት ሊፍቱ ባዶውን ወርዶ ሲመለስ፣ ሚዛኑ ሰባ ሁለት ኪሎ ይላል። በሩ ሲከፈት ውስጡ ማንም የለም። የሊፍቱ ባለሙያ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ሊፈትሽ ገባ። እሱ ራሱ ሰባ ሁለት ኪሎ ነው፤ አሁን መቶ አርባ አራት ማለት ነበረበት። ሚዛኑ ግን ሰባ ሁለት ላይ እንዳለ ነው። በሩ ተዘጋ።

የምላጭ ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ገጹን ገለበጠች፤ ሌላም ገለበጠች። ያ ከታች የመጣ ነገር የሰውዬው ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ክፉ ተከራይ ክፍል በክፍል እየያዘ ባለቤቱን ወደ ጓዳ ይገፋዋል። መጀመሪያ ቀኝ እጁን ወሰደበት። ቀጥሎ የምላሱን ጣዕም፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም። ዝርክርክ ብላ የሳቀችባቸው አርባ አንዱ ስህተቶች የዚያ ፍጡር ኮቴ ነበሩ። እሷ ኮቴውን አንድ በአንድ ጠርጋለታለች።

ሰውዬው ከገዛ ዓይኑ በስተጀርባ ሆኖ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ተስፋው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ምንም ነገር የማያመልጣት ሚስቱ። ሚስቲቱ ግን ጋዜጣ እንኳ ከኋላው ገጽ ጀምራ የምታነብ፣ ሰው ሲሳሳት ሳትጠይቅ የምታርም ሴት ናት። እዚህ ላይ ምላጭ ትንሽ ከፋት። ቀጥሎ ዘጠና ሦስተኛው ገጽ መጣ፦ እጀታው ተሰብሮ በተቆለመመ የማንኪያ እጀታ የተተካ የወጥ ቤት በር።

የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ያ በር የእሷ ቤት በር ነው። ማንኪያውን ቆልምሞ የሠራላት ባሏ ነው። ያረመችውን ቅጂ ብድግ አድርጋ ዘጠና ሦስተኛውን ገጽ ፈለገች። ከማንኪያው ቀጥሎ በቀይ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስገብታለች። የገዛ ቤቷን በር አይታ፣ ነጠላ ሰረዝ ጨምራበት አልፋለች!

ባለፈው ሳምንት ባሏ ሻይ ሲቀዳላት በግራ እጁ ነበር። «እጅህን ምን ሆንክ?» አላለችም፤ «ጠረጴዛውን አበላሸኸው!» አለችው። ስኳሩን ሲደጋግም «በአንዴ ልትጨርሰው ነው?» ብላ ዕቃውን ከፊቱ አነሳች። ልጃቸውን በስልክ በሟች እህቱ ስም ሲጠራት ደግሞ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ስሟንም ረሳኸው?» ብላ ሳቀችበት።

ስልኳን አንስታ ሥራ ቦታው ደወለች።

«ባለቤትሽ?» አለ የጥገናው ኃላፊ፣ ግራ ገብቶት። «እሱ እኮ ሥራ ከለቀቀ አራት ወር አለፈው። ጠዋት ጠዋት ከቤት አይወጣም እንዴ?»

ይወጣል። የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ፣ ደህና ዋይ ብሏት ነው የሚወጣው። ታዲያ ባሏ ቀን ቀን የት ይውል ነበር? የመጽሐፉ ሰው የት እንደሚውል ሰባኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ መስኮት አጠገብ። ቀይ የነካውን ረቂቅ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሮጠች። ገጽ አቀናባሪው «ኧረ ምን ተገኘ?» እያለ እስከ በሩ ተከተላት።

ባሏ የተሰነጠቀው መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀስ እያለ ይጽፋል። ቀኝ እጁ ሰው ረስቶት እንደሄደ ጓንት ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። የመፍቻ ቦርሳው እግሩ ሥር አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

ቀና ብሎ አያት። አልደነገጠም፤ ሲጠብቃት የቆየ ነው የሚመስለው።

«ነገርኩሽ እኮ» አለ። «አርባ አንድ ጊዜ።»

ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«አፍ አውጥተህ ብትነግረኝስ?»

«ስናገር ቃሉ ይጠፋኛል፤ አንቺ ደግሞ ቶሎ ትሞይልኛለሽ። በስህተት የሊፍት ሽቦ እየነካሁ ሰው እንዳላስፈጅ ብዬ ሥራውን ተውኩት። በጽሑፍ ከሆነ ግን ታየዋለች አልኩ። ረቂቁን የሰጠሁት አሳታሚ መጽሐፍ ሁሉ በአንቺ እጅ ነው የሚያልፈው።»

«አየሁት» አለች ምላጭ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አይቼ አስተካከልኩት።»

«እሱማ ሥራሽ ነው» አለና ሊያጽናናት ሞከረ። ይህ ደግሞ ከስድብ ሁሉ የባሰ አንጀቷን ቆረጠው። እዚያው ሆና ገጽ አቀናባሪው ጋ ደወለች። «ቀዩን በሙሉ አንሳው! አርባ አንዱንም እንደነበረ መልስ!» የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቆጣቻት፤ ምላጭ አላየቻትም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ባሏን ቀኝ እጁን እንዲያነሳ ጠየቀው፣ ከመቶ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ጠየቀው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለው ባሏ ጣሪያውን እያየ አሰበ፣ አሰበ፣ ጠፋበት። ምላጭ ረቂቁን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀይ የነካው ቦታ ሁሉ አንድ ምልክት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ በቅደም ተከተሉ፣ አንድ በአንድ አነበበችለት። ሐኪሙ እየሰማ ይጽፋል። የሚጽፍበት እጁ እየቆየ ዘገየ።

«አባባ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አብረውዎት የመጡት ማን ናቸው?»

ባሏ ዞር ብሎ አያት። ፊቱ በራ።

«እህቴ ናት» አለ።

ምላጭ አፏን ከፈተች። የለመደችው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ትንፋሿን ዋጠችና ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። ምንም ሳትሰርዝ፣ በረቂቁ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ አርባ ሁለተኛውን ጻፈች።