በቀኝ በኩል የተጻፈው ስም

ጎረቤቶቿ «ቃሪያ» ብለው የሚጠሯት በከንቱ አይደለም። ቁጣዋ ከአፍንጫዋ ጫፍ ርቆ አያውቅም። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞቹ የድድ ልክ ይልኩላታል፣ እሷ በሰም ቀርጻ፣ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ፕላስቲክ አፍስሳ፣ ሞርዳና አሳምራ ትመልስላቸዋለች። «እኔ ባልኖር የዚህ ከተማ ሽማግሌ ሁሉ ሾርባ ሲጠጣ በኖረ» ትላለች፤ ውሸቷንም አይደለም። ከሥራ መልስ ደግሞ በዚያው የጥርስ መቦርቦሪያ፣ በዚያው ሬዚን ትንንሽ አውሮፕላኖች ትሠራለች። ማን እንዳስተማራት ለሚጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ጥርስ የሠራ እጅ ምን ያቅተዋል?»

ባሏ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። በወጣትነቱ አየር ኃይል ውስጥ የጄት መካኒክ ነበር። ሞተሩ ጆሮውን በላው፤ ጆሮው ሲደክም አሰናበቱት፤ ከዚያ ወዲህ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ኖረ። እንዲህ ነበር የነገራት፣ እሷም እንዲህ ነበር የምታውቀው። ዝምተኛ ነው። እሷ ስትነድ እሱ አመዱን የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነው።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። የአንድ ጡረተኛ ኮሎኔል የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነውና የልደቱ ዕለት ያበርራት የነበረችውን ጄት በትንሽ መጠን አሠርታ ልትሰጠው ፈልጋለች። ፎቶው ላይ ኮሎኔሉ በአውሮፕላኗ ግራ በኩል መሰላሉን ተደግፎ ቆሟል፤ ገና ወጣት፣ ገና ሻምበል ነው። ከአብራሪው ክፍል መስታወት ሥር ስሙ በነጭ ተጽፏል። ቃሪያ ፎቶውን ለባሏ አሳየችው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ይቺንማ በጨለማ ዳስሼ አውቃታለሁ» አለ። ከዚያ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያልወጣው ቃል ከአፉ ወጣ። «ሥሪልኝ።»

ያቺን ጄት የሚመስል በሳጥን የሚሸጥ ተገጣጣሚ ገበያ ላይ አልነበረም። ሁሉንም ከባዶ መጀመር ነበረባት። አካሏን ከጠንካራ ሰም ቀረጸች፣ ሲሊኮን አፍስሳ ቅርጿን ያዘች፣ ሬዚን ሞላችበት። የመጀመሪያው ሲወጣ አረፋ በልቶት ፈንጣጣ የያዘው ፊት መሰለ። ሬዚኑን ረገመች፣ ሲሊኮኑን ረገመች፣ የሸጠላትን ሰውዬ እስከ ሰባት ዘሩ ረገመችና ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ሁለተኛው አማረ። ክንፎቹን ከስስ ፕላስቲክ ቆርጣ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካች አሸቻቸው። የመቀመጫውን ቀበቶ በጥርስ ራጅ ፊልም መጠቅለያ ውስጥ ካለው ስስ የእርሳስ ቅጠል፣ ጎማው ታጥፎ የሚገባበትን ጉድጓድ ቱቦዎች ጥርስ ከሚታሰርበት ሽቦ ሠራች።

ባሏ አጠገቧ ወንበር ስቦ መቀመጥ ጀመረ። ያ ዝምተኛ ሰው አፉ ተፈታ። «ይሄ ቱቦ እዚህ ጋ ይታጠፋል። አይ፣ ወደ ታች! ይሄኛው ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፤ ሥሩን ትንሽ አጥቁሪው።» አንዳንዴ በአየር ላይ ብሎን ሲፈታ ትይዘዋለች። «ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይሄን ሁሉ ወሬ የት ደብቀኸው ነው?» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ።

ቀለሙ ደርቆ የኮሎኔሉን ስም በግራ ጽፋ ስትጨርስ፣ ባሏ አውሮፕላኗን በጣቱ አዞራት።

«በዚህ በኩል ደግሞ የኔ ስም አለ» አለ። «አብራሪው በግራ፣ የመሬት መካኒኩ በቀኝ ነው የሚጻፈው።»

ጥቂት ጸጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ ጻፈችለት። ለረጅም ጊዜ አየውና ወደ ግቢው ወጣ። ናፍቆት መሰላት።

የኮሎኔሉ ልጅ ሥራውን ልታይ መጥታ እልል ማለት ቀራት። በስልኳ ግራ ቀኙን ፎቶ አንሥታ ሄደች፤ ልደቱ እስኪደርስ እዚያው ትቀመጥ ብላ አውሮፕላኗን ትታት። በማግስቱ ስትመለስ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መታገሥ አቅቶኝ ፎቶውን ለአባቴ አሳየሁት። በጣም ወደዳት። ግን... የቀኙ ስም ይጥፋ አለ።»

«ለምን ሲባል?»

«እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም አለኝ።»

የቃሪያ ደም ፈላ። «አላውቅም? መሰላሉን ይዞ ያወጣውን፣ ቀበቶውን ያሰረለትን ሰው አላውቅም? ጆሮውን የሰጠውን ሰው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የተላክሁ ነኝ...»

«እንግዲያው ወደ ላከሽ ሰው ውሰጂኝ!»

አውሮፕላኗን ጥጥ በተነጠፈበት የጫማ ካርቶን አስተኝታ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተከተለቻት። ባሏ ፓምፕ ሊጠግን ወጥቶ ነበር።

ኮሎኔሉ ከዘራውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ሳሎን ተቀምጧል። ግድግዳው በራሱ ፎቶ ተሞልቷል። ቃሪያ ቁጭ በይ እስክትባል አልጠበቀችም።

«ያ ስም የባሌ ስም ነው። እርስዎ ቢረሱት እሱ አልረሳዎትም። ሰው ሰማይ ላይ የወጣው መሬት ላይ የቆመ ሰው ስላለው ነው። ይሄን ለማወቅ ሰማንያ ዓመት አይበቃም?»

ኮሎኔሉ ልጁን አየና «ውጪ» አላት። አልወጣችም።

«ስሙንማ መች ረሳሁት» አለ በመጨረሻ። «አላውቀውም ያልኩት ነገር እንዳይነሣ ብዬ ነው። አንቺ ካነሣሽው ስሚ። ባልሽ ፍሬኑን ሳያይ አይቻለሁ ብሎ ፈርሞ ሊገድለኝ ነበር። ሳርፍ ጎማው ፈንድቶ ከማኮብኮቢያው ወጣሁ። ያን ስም ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ በገዛ እጁ፣ በቲነር እንዲጠርገው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያም ተባረረ። አልነገረሽም?»

ቃሪያ ካርቶኗን አቅፋ ወጣች።

መንገድ ላይ ንዴቷ ፊቱን አዞረ። ከቤት ስትወጣ ኮሎኔሉን እያሰበች ጥርሷን ታፋጭ ነበር፤ ስትመለስ ባሏን። ጆሮው ደክሞ ተሰናበተ! ይሄን ተረት ስንቴ ለሰው አውርታለች! ሰው ባሏን ዝቅ አድርጎ ባየው ቁጥር «የአገር ጄት ሲጠብቅ ነው ጆሮውን ያጣው» ብላ ስንቱን አፍ አስይዛለች!

ግቢ ስትገባ ባሏ ተመልሶ አንድ ፓምፕ ፈታትቶ አገኘችው። እሱ ላይ መጮህ የዘወትር ልማዷ ነው፤ ካልጮኹበት አይሰማም። የዚያን ቀን ጩኸት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ለይቶ አወቀው።

«በገዛ እጅህ ጠርገህ ነው ወይ የወጣኸው?»

መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ! እኔ ስምህን ላስከብር ሄጄ፣ የባሌን ጉድ ከጠላቱ አፍ ሰምቼ መጣሁ!»

ባሏ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ። «በዋዜማው የቀየርኩት እኔው ነኝ። የዚያን ቀን እንግዶች ነበሩ፤ እሱ ጉራ ሊነዛ በላያቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማኮብኮቢያው መሐል ላይ መጥቶ ወደቀ። እንዲያ ሲያርፉ ምን ዓይነት ጎማ ይችላል? ግን እሱ የአለቆቹ ዓይን ነበር። ጥፋት ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልታገቢኝ ነበር እኮ። የተባረርኩ ነኝ ልበልሽ?»

«ከተጋባን በኋላስ?»

«በኋላማ ረፈደ።»

«ረፈደ!» ካርቶኗን መሬት አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «አውሮፕላኗ የማን ቤት እንደምትሄድ እያወቅህ ነው ጻፊልኝ ያልከኝ። በኔ እጅ ልትሰድበው! እኔ ምንህ ነኝ? ወንጭፍህ?»

ባሏ አልካደም። «አዎ» አለ። «ራሴ መሄድ ፈራሁ። አሁንም እፈራዋለሁ።»

ይህን ሲል ልቧ ሊራራ ፈለገ። አልፈቀደችለትም።

«ተነሥ» አለችው። «እጅህን ታጠብ። ስም የፈለገ ሰው በራሱ እግር ይሄዳል።»

ካርቶኗን ታቅፋ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። የኮሎኔሉ ልጅ በር ስትከፍት ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ባሏ ሳሎን ገብቶ፣ እንደ ድሮው እግሩን ገጥሞ ሊቆም ሲል ቃሪያ በክርኗ ጎሸመችው።

«ፍሬኑ ደህና ነበር!» አለ። ደንቆሮ የራሱን ድምፅ አይለካምና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ድምፅህን ቀንስ» አለ ኮሎኔሉ።

«ምን?»

«ድምፅህን ቀንስ አልኩህ!»

«አልችልም! ጆሮዬ ያንተ ሞተር ሥር ነው የቀረው! ፍሬኑ ደህና ነበር፤ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። አሁን እዚህ፣ ልጅህ ፊት፣ ተናገረው!»

ኮሎኔሉ ከዘራውን አሽከረከረ። «የቆየ ነገር ነው። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም።»

«ማን ነው የተሳሳተው?» ይህን የጠየቀችው ልጁ ናት። በሩን ተደግፋ ቆማለች። «አባዬ፣ ይሄን ታሪክ ስትነግረን ነው ያደግነው። መካኒክ ሊገድለኝ ሲል በጥበቤ ተረፍኩ እያልክ። ማን ነው የተሳሳተው?»

ሽማግሌው ከልጁ ዓይን ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየ።

«ፍጥነቱ... ትንሽ በዝቶ ነበር» አለ ኮሎኔሉ።

«ትንሽ!» አለች ቃሪያ።

ሽማግሌው ቱግ አለ። «ምን ትፈልጋላችሁ ታዲያ? በዚህ ዕድሜዬ ልንበርከክላችሁ? ከእግራችሁ ልውደቅ?»

ባሏ ከከንፈሩ አነበበ። ንዴቱ ከፊቱ ላይ ሲበርድ ታየ፤ በምትኩ የመጣው ንቀት ነበር፣ እሱም የባሰ ነው።

«አውሮፕላኗን አታገኛትም» አለ፣ ዝግ ብሎ። ካርቶኗን ከሚስቱ እጅ ወሰደ። የኮሎኔሉ እጅ ሳያስበው ወደ ካርቶኗ ተዘረጋና አየር ላይ ቀረ። ልጁ እስከ ውጭ በር ሸኘቻቸው። አውሮፕላኗን አልጠየቀችም። «ይቅርታ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሪያ «የሱን ዕዳ አንቺ አትክፈዪ» ብላ አቋረጠቻት።

ባሏ ቤት እስኪደርሱ በደስታ ሲያወራ መጣ። እሷ ግን ደስታው አልተጋባባትም። በኮሎኔሉ ላይ የነበራትን ንዴት ተንፍሳዋለች፤ በባሏ ላይ ያለው ገና ጥሬውን ሆዷ ውስጥ ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሽማግሌ ዋሽቶ ቢኖር የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከጎኗ የሚተኛ ሰው ግን? እሱ አውሮፕላኗን መደርደሪያው ላይ የቀኝ ጎኗን ወደ ሰው አዙሮ ያስቀምጣል፤ እሷ ሲወጣ ጠብቃ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሱ ተመልሶ ያስተካክላል፣ እሷ ታዞራለች። በመካከላቸው «ብላ» እና «በቃኝ» ብቻ ቀረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዱን ሽማግሌ የታች ጥርስ ስትሞርድ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እስከ መቼ ነው?» አላት።

መቦርቦሪያውን አጠፋች። «ሌላ አለ? የደበቅከኝ ሌላ ነገር ካለ ዛሬ አውጣው። ነገ ከሰው አፍ ብሰማው ግን...» አልጨረሰችውም።

አሰበ። እሷ ከምትወደው በላይ ረጅም ጊዜ አሰበ።

«አንድ አለ» አለ።

ቃሪያ የአቧራ ጭምብሏን ከፊቷ አወረደች።

«ተናገር» አለችው፤ ይሄኛውን እንኳ ከራሱ አፍ ልትሰማው።